ዓሣ የማይሸጥበት የዓሣ ነጋዴዎች አዳራሽ፦ አንድ የ1647 ሥዕል ምን ይነግረናል?

ኅዳር 19 ቀን 2012 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ የታራሚዎችን ትምህርት በሚመለከት ስብሰባ ላይ ከተሳታፊዎቹ አንዱ በቢላዋ ጥቃት አድርሶ ሁለት ወጣቶችን ገደለ። እዚያው የነበሩ ሰዎች አልሸሹም። አንዱ ከግድግዳ ላይ ረጅም የናርዋል (የዓሣ ነባሪ ዓይነት) ጥርስ ነቅሎ፣ ሌላው የእሳት ማጥፊያ አንሥቶ ጥቃት አድራሹን እስከ ለንደን ድልድይ ድረስ አሳደዱት። ዓለም ያንን ቀን ያስታወሰው በዚህ ድፍረት ነው። የአዳራሹን ስም ግን ብዙ ሰው ሰምቶ አለፈው፦ ፊሽሞንገርስ ሆል። ሲተረጎም «የዓሣ ነጋዴዎች አዳራሽ» ማለት ነው።

ስሙን የሰማ ሰው ቦታው የዓሣ ገበያ፣ ወይም በድሮ ገበያ ስም የተሰየመ ሆቴል ይመስለዋል። ሁለቱም አይደለም። አዳራሹ ከ700 ዓመት በላይ የኖረ የአንድ የሙያ ማኅበር፣ የጊልድ፣ ቤት ነው። ለምን እዚያ ቦታ እንደቆመና እንዴት ሀብታም እንደሆነ ለመረዳት ደግሞ የድሮ የቦታ ሥዕሎችን ማንበብ የሚያህል መንገድ አላገኘሁም። በተለይ አንዱን፣ በ1647 የታተመውን የዌንስስላውስ ሆላርን የለንደን ሥዕል። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጊልድ ምንድን ነው?

ጊልድ የሚባለው በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ከተሞች ውስጥ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች የመሠረቱት ማኅበር ነው። እድርን የሚያውቅ አንባቢ የነገሩን ግማሽ ቀድሞ ያውቀዋል። መዋጮ አለ፤ አባል ሲሞት ቀብሩን ማኅበሩ ያሳምራል፤ ለመበለቲቱና ለልጆቹ እጅ ይዘረጋል፤ ከስብሰባ የቀረ ይቀጣል፤ በዓመት አንድ ቀን የጠባቂው ቅዱስ በዓል ሲከበር አብሮ ይበላል፣ ይጠጣል።

ግማሹ ግን ከእድር ይለያል። ጊልድ የሥራውን በር ይጠብቃል። በለንደን ዓሣ ለመቸርቸር የፈለገ ሰው ገንዘብና ጉልበት ብቻ አይበቃውም፤ የዓሣ ነጋዴዎች ማኅበር አባል መሆን ነበረበት። ወደ አባልነት የሚወስዱት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው በአንድ የማኅበሩ አባል ቤት ብዙውን ጊዜ ሰባት ዓመት በተለማማጅነት መቆየት ነው። ተለማማጁ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ያድራል፣ ውሉ ሳያልቅ ሚስት ማግባት አይችልም። ሁለተኛው የአባል ልጅ ሆኖ መወለድ ነው። ሦስተኛው ገንዘብ ከፍሎ መግባት ነው። በአንዱ በኩል የገባ ሰው የከተማው «ነጻ ሰው» ይባላል፤ ሱቅ መክፈት ይፈቀድለታል።

ማኅበሩ የሚዛኑና የጥራቱም ዳኛ ነው። የዓሣ ነጋዴዎቹ መርማሪዎች ገበያ እየዞሩ የሸተተውን ዓሣ ያስጥላሉ፣ ያጭበረበረውን ይከስሳሉ። ይህን ሁሉ ሥልጣን የሚሰጠው ቻርተር የሚባለው የንጉሥ ደብዳቤ ነው። የዓሣ ነጋዴዎቹ የመጀመሪያ ቻርተር የተሰጠው በ1272 በንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ዘመን ነው። እስከ ዛሬ ከተረፉት መካከል የቆየው ግን የ1364ቱ ነው።

አባላቱ በበዓል ቀን የሚለብሱት አንድ ዓይነት ልብስ ሊቨሪ ይባላል። የለንደን ማኅበራት እስከ ዛሬ «የሊቨሪ ኩባንያዎች» የሚባሉትም በዚህ ልብስ ምክንያት ነው። በ1515 የከተማው ሹማምንት 48 ማኅበራትን እንደ ክብራቸው በተራ ቁጥር ደረደሩ፤ የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት «ታላላቆቹ» ተባሉ። ዓሣ ነጋዴዎቹ 4ኛ ናቸው፣ ከወርቅ አንጣሪዎች እንኳ በፊት።

ዓሣ መሸጥ እንዴት ከወርቅ በለጠ?

በጾም ነው። እኛ ዘንድ ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር ዛሬም ማዕድ ላይ ይነሣል። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ግን ነገሩ ያለቀለት ነበር፤ ሥጋ ክልክል ነው፣ ዓሣ ይፈቀዳል። አርብ፣ ቅዳሜ፣ የአርባው ቀን ጾምና የበዓላት ዋዜማዎች ሲደመሩ አንድ ሙሉ ሕዝብ በዓመት ብዙ ቀን ፊቱን ከሥጋ ሻጭ ወደ ዓሣ ሻጭ ያዞራል ማለት ነው። ሄሪንግ የሚባለው ትንሽ ዓሣ በበርሜል፣ በጨው የታሸ ዓሣ፣ እንደ ቋንጣ ደርቆ ከሰሜን ባሕሮች የሚመጣው ኮድ የሚባል ዓሣ ሁሉ በዚህ ማኅበር እጅ ያልፋል። የጨው ዓሣ ነጋዴዎችና የደረቅ ዓሣ ነጋዴዎች ለረጅም ጊዜ ሁለት ማኅበር ነበሩ፤ ለዘለቄታው የተዋሐዱት በ1536 ነው።

ብቸኛ ሻጭ መሆን ዋጋን ያስወድዳል፤ ያስወደደውም ነበር። የለንደን ከንቲባ የሆነው ጆን ኦቭ ኖርዝሃምፕተን በ1382 ገበያው ከማኅበሩ ውጭ ላሉ ዓሣ ሻጮችም እንዲከፈት አስወሰነ። ድሀው በርካሽ ዓሣ ይብላ የሚል ዘመቻ ነበር። ብዙ አልቆየም። በሚቀጥለው ዓመት ሥልጣኑ ወደ ተቀናቃኙ ሲዞር ማኅበሩ መብቱን አስመለሰ። ስለ ጊልድ ሲወራ የጥራት ጠባቂነቱ ብቻ ጎልቶ መነገሩ ትክክል አይመስለኝም። የበሰበሰውን ዓሣ ከገበያ ያወጣው እጅ ርካሹን ሻጭም ከገበያ አውጥቷል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን በኋላ የመጣው ነው። እንግሊዝ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ተለይታ የጾም ሥርዓት ሲላላ መንግሥት የዓሣ ቀን እንዳይቀር በሕግ አዘዘ። በ1563 በንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ዘመን የወጣው ሕግ ረቡዕንም ጨመረበት። ረቡዕና አርብ! ለእኛ ጆሮ በጣም የታወቀ ጥንድ ነው። ምክንያቱ ግን ነፍስ አልነበረም። በሰላም ጊዜ ባሕር ላይ የሚያድር ዓሣ አጥማጅ በጦርነት ጊዜ የተዘጋጀ መርከበኛ ስለሆነ ነው። እንዲያውም ሕጉ፣ ይህን ዓሣ መብላት ለነፍስ መዳን ያስፈልጋል ብሎ የሚሰብክ ሰው እንደ ሐሰተኛ ወሬ አውሪ ይቀጣል ይላል። የረቡዑ ድንጋጌ በ1585 ተሻረ።

አዳራሹ ለምን እዚያ ቆመ?

ማኅበር ቤት ያስፈልገዋል። የክርክር ችሎት፣ የግብዣ ክፍል፣ የመዝገብ ሣጥን፣ የብር ዕቃ ማስቀመጫ፣ ሁሉንም የሚይዘው አዳራሽ ነው። የእድር ድንኳንና ዕቃ ቤት ከወረዳ ፍርድ ቤት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ቢገቡ ብለን እናስብ። ዓሣ ነጋዴዎቹ ዛሬ ባሉበት ቦታ ላይ የነበረውን ቤት በኑዛዜ ያገኙት በ1434 ነው።

ቦታው የቴምዝ ወንዝ ሰሜናዊ ዳር ነው፣ ከድልድዩ ራስ በስተምዕራብ። የለንደን ከተማ እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የነበረው ድልድይ ይኸው አንድ ብቻ ነው። ቅስቶቹ ጠባብ፣ ምሰሶዎቹ ወፋፍራም ስለነበሩ ከባሕር የሚመጡ ትላልቅ መርከቦች እዚያው ይቆማሉ። የቢሊንግስጌት የዓሣ ገበያ የነበረው ከድልድዩ በታች፣ በምሥራቅ በኩል ነው። ከድልድዩ ወደ ከተማው የሚወጣው ዳገት ዛሬም «የዓሣ ጎዳና ኮረብታ» ይባላል። ከአዳራሹ መስኮት የሚያይ ሰው ወንዙን፣ ድልድዩንና ጀልባዎቹን በአንድ ጊዜ ያያል። በር ጠባቂ ቤቱን የሚሠራው በሩ አጠገብ ነው።

ይህን በጽሑፍ ማስረዳት ብዙ ቃል ይፈጃል። ሥዕሉ ላይ ግን ዓይን በአንድ አፍታ ያገኘዋል።

የቦታ ሥዕል ሲባል ምን ማለት ነው?

ቶፖግራፊያዊ ሥዕል የሚባለው አንድን የታወቀ ቦታ በዚያ ሰዓት እንደነበረ ለማሳየት የተሣለ ሥዕል ነው። ካርታ ከላይ ወደ ታች ያያል፤ የቦታ ሥዕል ሰው ከቆመበት ሆኖ ያያል። ተራ የመልክዐ ምድር ሥዕል ሠዓሊው ዛፉን ቢያዘዋውር አይከፋም። በቦታ ሥዕል ግን ማማ ማዘዋወር ጥፋት ነው፤ ምክንያቱም ገዢው የሚፈልገው ውበት ብቻ ሳይሆን መረጃም ነው።

ሆላር በ1607 በፕራግ የተወለደ ሠዓሊ ነው። ሥዕል በመሰብሰብ የታወቀው የአረንደል መስፍን በ1636 አግኝቶት ወደ ለንደን አመጣው። ከወንዙ በስተደቡብ ባለው የሳውዝዋርክ ቤተ ክርስቲያን (አሁን ካቴድራል ነው) ማማ ላይ ወጥቶ ወደ ሰሜን እያየ ከተማዋን በእርሳስና በቀለም ነደፈ። ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ። በ1644 ወደ አንትወርፕ ተሰደደ፤ ንድፎቹንም ይዞ ሄደ። ትልቁ የለንደን ሥዕል የተቀረጸው እዚያ፣ በስደት አገር ነው፤ በ1647 የታተመው ደግሞ አምስተርዳም ውስጥ ነው።

ሕትመቱ የተሠራው እንዲህ ነው። የመዳብ ሠሌዳ በሰም መሰል ነገር ይቀባል። ሠዓሊው በመርፌ ሰሙን እየፋቀ ይሥላል። ሠሌዳው አሲድ ውስጥ ሲነከር ሰሙ የተፋቀበትን መስመር ብቻ አሲዱ ይበላዋል። ቀለም ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፣ እርጥብ ወረቀት ላይ በማተሚያ ይጫናል። ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ምስል የሠሌዳው ግልባጭ ስለሆነ ሠዓሊው ከተማዋን በሙሉ ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ አድርጎ መሣል ነበረበት። ድልድይ፣ ማማ፣ መርከብ፣ የቤት ጣሪያ በሺዎች፣ ሁሉም ተገልብጦ። ስድስቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲገጠሙ ርዝመታቸው ከሁለት ሜትር ያልፋል።

ሆላርን ከቀደሙት የሚለየው አንድ ነገር ነው፦ ከአንድ ቦታ ሆኖ አየ። ከእርሱ 31 ዓመት ቀደም ብሎ ክላስ ቪሸር የሚባል የአምስተርዳም ሠዓሊ የለንደንን ሰፊ ሥዕል አሳትሞ ነበር። ቪሸር ግን ለንደንን ረግጦ አያውቅም ተብሎ ይታመናል፤ የሌሎችን ሥዕልና ካርታ አቀናጅቶ ነው የሠራው። በእርሱ ሥዕል ወንዙ እንደ ተዘረጋ መቀነት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በሆላር ሥዕል ግን ወንዙ እንደ እውነቱ ይታጠፋል። ቅርብ ያለው ቤት ትልቅ፣ ሩቅ ያለው ትንሽ ነው። ስለዚህ ከድልድዩ ጎን ያለውን የዓሣ ነጋዴዎቹን ዳርቻ ስናይ ርቀቱን ማመን እንችላለን።

ታዲያ ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ ማመን ይቻላል?

አይቻልም፤ ታሪክ የሚማር ሰው ከዚህ ሥዕል ሊወስደው የሚገባው ትልቁ ጥንቃቄም እዚህ ላይ ነው። በደቡቡ ዳር ሁለት ክብ ሕንፃዎች ይታያሉ። አንዱ የሼክስፒር ቡድን ተውኔት ያሳይበት የነበረው የግሎብ ቴአትር ነው። ሌላው ድብ ከውሻ ጋር የሚያፋልሙበት ቤት ነው። ሆላር ሕንፃዎቹን በትክክል ሣለ፤ ስማቸውን ግን አቀያየረ። «ግሎብ» የሚለው ጽሑፍ ከድቡ ቤት ላይ፣ የድቡ ቤት ስም ከግሎብ ላይ ተጻፈ።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ማማው ላይ ሆኖ የነደፈው ረቂቅ ስም አልተጻፈበትም። ስሞቹ የገቡት ከዓመታት በኋላ፣ አንትወርፕ ውስጥ፣ ሠሌዳው ላይ ነው። እጁ ያየውን ያስታውሳል፣ ቃሉ ግን ጠፍቶበታል። በዚያ ላይ የለንደን ቴአትሮች በፓርላማ ትእዛዝ የተዘጉት በ1642 ስለሆነ ሕትመቱ ሲወጣ ገዢው ያየው ያለፈችውን ለንደን ነበር። «የ1647 ለንደን» ብሎ መጥራት ለአነጋገር ያመቻል እንጂ ልክ አይደለም።

ስለዚህ የቦታ ሥዕልን እንደ ምስክር ቃል መያዝ ይሻላል። ዳኛ ምስክርን የት ቆመህ አየህ፣ መቼ አየህ፣ መቼስ ተናገርክ ብሎ ይጠይቀዋል። በሆላር ጉዳይ መልሱ፦ ከማማ ላይ ቆሜ፣ በ1630ዎቹና በ1640ዎቹ መጀመሪያ አይቼ፣ በ1647 ተናገርኩ ነው። ስለ ሕንፃዎቹ ቅርጽና አቀማመጥ ጠንካራ ምስክር ነው። ስለ ስማቸው ሌላ ምስክር ይፈለግ።

በሥዕሉ ላይ ያለው አዳራሽ የት ገባ?

ተቃጠለ። መስከረም 2 ቀን 1666 ከሌሊቱ በፑዲንግ ሌን፣ በቶማስ ፋሪነር ዳቦ ቤት እሳት ተነሣ። ፑዲንግ ሌን ከአዳራሹ በስተምሥራቅ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ነፋሱ ከምሥራቅ ይነፍስ ነበር፤ በወንዙ ዳር ያሉት መጋዘኖች ሞራ፣ ዘይት፣ ገመድና ከሰል የታጨቁባቸው ነበሩ። ከማኅበራቱ አዳራሾች ቀድሞ የነደደው የዓሣ ነጋዴዎቹ ሆነ። እሳቱ በአራት ቀን ወደ 13,200 ቤቶችን፣ 87 አብያተ ክርስቲያናትን፣ የቅዱስ ጳውሎስን ካቴድራልና 44 የማኅበር አዳራሾችን በላ።

ሆላር ወደ ለንደን ከተመለሰ 14 ዓመቱ ነበር። ከእሳቱ በኋላ ከዚያው ከሳውዝዋርክ በኩል እያየ ሁለት ሥዕል አንዱን ከሌላው በላይ አድርጎ አሳተመ። የላይኛው ከእሳቱ በፊት፣ የታችኛው ከእሳቱ በኋላ ነው። በላይኛው ጣሪያና የቤተ ክርስቲያን ጫፍ ተጨናንቋል። በታችኛው ከድልድዩ ራስ ጀምሮ ወደ ምዕራብ ባዶ ግድግዳ፣ ጣሪያ የሌለው ማማ፣ የመስኮት ቀዳዳ ብቻ ነው የሚታየው። ስለ እሳቱ የተጻፈ ገጽ ብዙ አንብቤአለሁ፤ እነዚህን ሁለት ሥዕሎች ላይና ታች እያዩ የመቀመጥን ያህል የጎዳኝ የለም።

ዓሣ ነጋዴዎቹ እዚያው ቦታ ላይ ኤድዋርድ ጃርማን የነደፈውን አዳራሽ ሠርተው በ1671 ከፈቱ። ከወንዙ ዳር ግርማ ያለው ሕንፃ ነበርና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ድልድዩን የሚሥሉ ሁሉ ሲያገኙት ኖረዋል። እሱም በተራው ቀረ፤ አዲስ የለንደን ድልድይ ከአሮጌው ትንሽ በስተምዕራብ እንዲሠራ ሲወሰን መንገዱ ላይ ስለቆመ ፈረሰ። ዛሬ የሚታየው ሄንሪ ሮበርትስ የነደፈው፣ በ1834 የተከፈተው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ክፉኛ ተመትቶ ተጠግኖ በ1951 እንደገና ተከፈተ። አዳራሹን ያስፈረሰው ድልድይ ራሱ በ1968 ተሸጦ፣ ድንጋዩ በድንጋይ ተፈትቶ አሜሪካ፣ አሪዞና ገባ።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ዛሬስ ምን ይሠራል?

አባላት ሲሞቱ ለነፍሳቸው ጸሎት እንዲደረግ ቤትና መሬት ለማኅበሩ ይናዘዙ ነበር። እንግሊዝ ፕሮቴስታንት ስትሆን መንግሥት ለሙታን ጸሎት የተመደበውን ገቢ ወረሰ፤ የለንደን ማኅበራት ግን በ1550 ገንዘብ ከፍለው መልሰው ገዙት። የጸሎቱ ነገር ቀረ፣ ኪራዩ ቀጠለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ንጉሡ በሰሜን አየርላንድ ከነዋሪዎቹ የተወሰደ መሬት ለአሥራ ሁለቱ ታላላቅ ማኅበራት አከፋፈለ፤ ለዓሣ ነጋዴዎቹ በባሊኬሊ አካባቢ ያለው ደረሳቸው። ይህን ሳይጠቅሱ የማኅበሩን በጎ አድራጎት ብቻ ማውራት ታሪኩን ያጎድለዋል።

በለንደን ዛሬ ከ110 በላይ የሊቨሪ ኩባንያዎች አሉ። አብዛኞቹ የሥራውን በር መጠበቅ ከተዉ ዘመናት አልፈዋል፤ አባሎቻቸውም የግድ የዚያ ሙያ ሰዎች አይደሉም። አባላቱ አሁንም በለንደን ሲቲ (በከተማዋ ጥንታዊ ማእከል) ከንቲባ ምርጫ ይሳተፋሉ፣ ለትምህርትና ለእርዳታ ገንዘብ ይሰጣሉ፣ አዳራሻቸውን ለስብሰባ ያከራያሉ። የኅዳሩ ስብሰባ እዚያ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

የዓሣ ነጋዴዎቹ ማኅበር ግን ከጥንቱ ሥራ አንዱን አልጣለም። የቢሊንግስጌት ገበያ በ1982 ከወንዙ ዳር ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ሲዛወር የማኅበሩ መርማሪዎችም አብረው ሄዱ፤ እዚያም ገበያው ከጎሕ በፊት ሲከፈት በሣጥኖቹ መካከል እየዞሩ ዓሣውን ይመረምራሉ።